ብርሃን ድሮ ይፈጥን ነበር ያለችዋ ልጄ

እኔ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ማንበብና መጻፍ እችላለሁ፤ ከዚያ በላይ የጠየቀኝ የለም። ስለዚህ ልጄ ስለ ፊዚክስ ስታወራኝ የገባው ሰው መስዬ ራሴን አልነቀንቅም። ግን ደግሞ እናት ነኝ። ልጄ የምትለው ነገር ሲያስፈራኝ ዝም ብዬ ሻይ አልቀዳም።

ያኔ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከአንድ ሊያልቅ ካልቻለ የፎቅ ግንባታ ጀርባ፣ ቀበሌ ቤት እንኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት ለግንበኞቹና ወደ ቢሮ ለሚሮጠው ሰው ሻይና ቦምቦሊኖ እሸጣለሁ። ልጄ የመጀመሪያ ዲግሪዋን በጥሩ ውጤት ስትጨርስ፣ ክፍለ ሀገር ያለ አንድ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር አድርጎ ቀጠራት፤ ከዚያ ማስተርስሽን ተማሪ ብሎ መልሶ ወደ አዲስ አበባ ላካት። ነገሩ ግልጽ ነበር። በተሰጣት ጊዜ ማስተርሷን ይዛ ካልተመለሰች ቦታዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል። አባቷ ካረፈ ወዲህ ቤታችን የቆመው በእኔ የዘይት ጭስ ነው፤ እሷ መምህር ስትሆን እኔም ከእሳት ዳር ዞር እላለሁ ብዬ ነበር የማስበው።

ታዲያ ለመመረቂያ ጽሑፏ ከሰው ሁሉ ተለይታ ምን ብትመርጥ ጥሩ ነው? ብርሃን ድሮ ከአሁኑ ይፈጥን ነበር!

"የሚፈጥነው ምኑ ነው?" አልኳት፣ ሊጥ እያቦካሁ።

"ብርሃን፣ እማዬ። ከፀሐይ፣ ከከዋክብት የሚመጣው። ፍጥነት አለው። ሁሉም ሰው ፍጥነቱ አይለወጥም ይላል። እኔ ደግሞ፣ ማለቴ፣ ዓለም ገና ወጣት እያለች ከአሁኑ ይፈጥን ከነበረስ ብዬ ነው የምጠይቀው።"

"ሁሉም ሰው አይለወጥም ይላል?"

"አዎ።"

"መምህሮችሽም?"

"እነሱም።"

"ታዲያ አንቺን ምን አገባሽ!"

ሳቀች። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም። ልጄ ሰው የተስማማበት ነገር ሲታያት ዝም ብላ ማለፍ አትችልም፤ ከትንሽነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። ትምህርት ቤት እያለች ለዚህ ነገሯ ስንቴ "ወላጅሽን አምጪ" ተብላ እንደሄድኩ እኔና ዘበኛው ነን የምናውቀው። ስታድግ ይለቃታል ብዬ ጠበቅኩ። ጭራሽ ወደ ሰማይ ወጣች።

ፍርሃቴ ስለገባት አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ ብላ በደንብ አስረዳችኝ። እንደገባኝ እጽፈዋለሁ። ሩቅ ሰማይ ላይ ሲሞቱ የሚፈነዱ ኮከቦች አሉ፤ ሱፐርኖቫ ይሏቸዋል። ከእነሱ አንደኛው ዓይነት ሲፈነዳ የሚሰጠው ብርሃን ሁሌም ተቀራራቢ ነው።

"ከአንድ ሱቅ እንደተገዛ ጧፍ አስቢው" አለችኝ። "ጧፎቹ እኩል ከሆኑ፣ ደብዘዝ ብሎ የሚታየው የቱ ነው?"

"ሩቅ ያለው ነዋ። ይሄማ ለማን ይጠፋዋል።"

"በቃ! ሰዎች ሲለኩ ሩቆቹ ከጠበቁት በላይ ደብዝዘው አገኟቸው። ስለዚህ ጠፈር እየተለጠጠ ነው፣ መለጠጡም እየባሰበት ነው፣ የሚገፋው አንድ የማይታይ ጉልበት አለ አሉ። እኔ ደግሞ፣ የማይታይ ጉልበት ከምንጨምር፣ ብርሃኑ ራሱ ድሮ ይፈጥን ከነበረ ኮከቦቹ እንደዚያው ደብዝዘው ሊታዩን ይችላሉ ወይ ነው የምለው። የተለኩትን ኮከቦች ወስጄ ሒሳቡን እፈትነዋለሁ።"

"ጧፍ ደግሞ መቼ እኩል ሆኖ ያውቃል?" አልኳት። "የዛሬው ጧፍ ግማሹ ሲነድ ግማሹ ይጨሳል።"

"እሱን ከእኔ በፊት ብዙ ሰው ተጨቃጭቆበታል፣ እማዬ። ማስተካከያ አለው።"

ለሁሉም ነገር ማስተካከያ አላቸው፤ ምን ይባላል።

ኮከቦቹን ግን በዓይኗ አላየቻቸውም። እኔ አንድ ትልቅ መነጽር ላይ ተደፍታ ሰማይ የምታይ መስሎኝ ነበር። የለም። ሌላ አገር ያሉ ሰዎች የለኩትን ከኢንተርኔት ቤት በፍላሽ ጭና አመጣች። ቁጥር ብቻ። ይሄንን ስሰማ ደግሞ ሌላ ንዴት ያዘኝ፤ ሰው ላላየው ነገር ይህን ያህል ከሰው ይጣላል?

ግቢያችን ውስጥ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤት አለችኝ። ከእኔ ትንሽ ትበልጣለች፤ ጥሩ ሰው ናት፣ ነገር ግን አንድ ነገር ከሰማች ግቢው በሙሉ ይሰማዋል። የልጄን ነገር የነገርኳት እኔው ነኝ፣ ጭንቅ ሲለኝ።

"ምን አልሽኝ? ብርሃን ደከመ አለች?"

"ደከመ አላለችም። ድሮ ይፈጥን ነበር ነው ያለችው።"

"ያው አይደል እንዴ! ድሮ የሚፈጥን ዛሬ የማይፈጥን ደክሞት ነዋ፣ እንደ እኔና እንደ አንቺ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ስሚ፣ ላንቻ እህቴ ሰፈር አንድ ልጅ ነበር። እንዲሁ ሲማር፣ ሲማር፣ ሲማር... ዛሬ መንገድ ዳር ቆሞ ለታክሲ ሰላምታ ይሰጣል። ለሰዎቹ አይደለም፣ ለመኪናው። ጠበል ውሰጃት።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄ ከቤት ስትወጣ በመስኮት እከተላታለሁ፤ ለታክሲ ሰላም ትል ይሆን እያልኩ። ረዳቱን "ቦታ አለ?" ብላ ስትጠይቅ ብቻ ልቤ ይመለሳል።

የጥር ቂርቆስ ደረሰ። ታቦቱ ሲወጣ ሕዝቡ መሀል ቆሜ ተሳልኩ። የተሳልኩትንም እዚህ እጽፈዋለሁ፣ አላፍርበትም። "ቂርቆስ ሆይ፣ ልጄ ብርሃን ድሮ ይፈጥን ነበር ያለችው እውነት ሆኖ ከወጣ፣ ባለ ዘርፍ ጥላ አስገባለሁ።" ሌላው ሰው "ልጄ ይለፍልኝ" ብሎ ነው የሚሳለው፤ ይሄ ጠፍቶኝ አይደለም። እኔ ግን ነገሩን ከሥሩ ልያዘው ብዬ ነው። እውነቷን ከሆነ ማን ይጥላታል? ከራሴ በቀር ማንንም ሳላማክር የመከርኩት ምክር ነበር፤ ጥሩ መስሎኝ ለጎረቤቴ ነገርኳት። እሷ ደግሞ በማግስቱ ሁሉንም ለልጄ ነገረቻት፤ እንኳን ደስ ያለሽ ልትላት ጥቂት ነበር የቀራት።

ልጄ ገባች። በሩን አልዘጋችውም እንኳ።

"እማዬ፣ ተሳልሽ?"

"እናት አይደለሁ? ብሳልስ?"

"ለውጤቱ? ውጤቱ እንዲህ ሆኖ ይውጣ ብለሽ?"

"አንቺ ካልሽው ውጪ ይሁን ልበል እንዴ!"

"እማዬ፣ ስሚኝ። ብርሃኑ ከእነዚያ ኮከቦች የተነሣው ምድር ገና ሳትፈጠር ነው። ፈጥኖም ከሆነ ፈጥኗል፣ ካልፈጠነም አልፈጠነም፤ ያለቀ ነገር ነው። አንቺ አሁን ቆመሽ ያለፈውን ልታስቀይሪ ነው?"

"ለእሱ ምን ይሳነዋል?"

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ፊቷን ይዛ ሳቀች፤ እየሳቀች ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ውጤቱን መመኘት ለእኔም ክልክል ነው እኮ" አለችኝ። "ከመመኘቴ የተነሣ ዓይኔ የፈለገውን እንዳያይ ነው የምፈራው። አንቺ ደግሞ ቅዱስ ጨመርሽበት።" ይሄን ፍርሃት አልተረዳሁላትም። የምትፈልገውን ነገር መመኘት ክልክል የሆነበት ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው? እኔ ሊጡ ኩፍ እንዲል ተመኝቼ ነው የማድረው፤ ተመኘሁ ብሎ ያልተነሣ ሊጥ አላየሁም።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከኮፒ ቤት ጥቁርና ነጭ ያሳተመችው ወረቀት ይዛ መጥታ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ነጠብጣብ ነው፣ ብዙ ነጠብጣብ፣ እያንዳንዱ ከላይና ከታች ጭራ አለው። በመሀሉ ሁለት መስመር ያልፋል። ከግራ በኩል ተጣብቀው ይሄዱና ወደ ቀኝ ሲደርሱ ይለያያሉ።

"እያንዳንዱ ነጠብጣብ አንድ ኮከብ ነው" አለችኝ። "ወደ ቀኝ በሄድሽ ቁጥር ሩቅ ነው። አንዱ መስመር የእኔ ሐሳብ ነው፣ አንዱ የሌሎቹ። በነጠብጣቦቹ መሀል የሚያልፈው ነው የገጠመው።"

"የአንቺ የቱ ነው?"

አላመለከተችልኝም። "ገና አልጨረስኩም" አለች። ወረቀቱን ትክ ብላ ስታየው አኳኋኗ አላማረኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳስበው ዛሬም ያደክመኛል። አንድ ቀን "ስህተት አገኘሁ፣ እኔው ነኝ የተሳሳትኩት!" ብላ ዘላ ታቅፈኛለች። ሰው በስህተቱ እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም፤ እኔም አብሬ እደሰታለሁ። በሁለተኛው ቀን ኩርፍ ብላ ትቀመጣለች። ስህተቱን አስተካክላው መስመሩ ያው ነው። ደግሞ ትነሣለች፣ ደግሞ ሌላ ስህተት ትፈልጋለች። መብራት ይጠፋና ላፕቶፑ ይሞትባታል፤ እሷ ተቆጥታ ትወጣለች፣ እኔ በመስኮት እከተላታለሁ። በመጨረሻ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ጓደኛዋ ቤት እየሄደች ትሠራ ጀመር። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷን አይቼ መጠየቅ ተውኩ።

ሰኔ ሲገባ ነገሩን ነገረችኝ። ምስር እየለቀምን ነበር፣ ሁለታችንም በአንድ ሰፌድ።

"አልገጠመም፣ እማዬ።"

"ምኑ?"

"ቅርቦቹ ላይ ጥሩ ነው። ሩቆቹ ላይ መስመሬ ይስታል።"

እናት ቶሎ አትረታም። "ብዙ ናቸው ሩቆቹ?"

"ጥቂት ናቸው።"

"ታዲያ አውጫቸዋ!"

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

"ምን አፈጠጥሽብኝ? ይሄው አሁን ምን እያደረግን ነው? ጠጠሩ ይወጣል፣ ምስሩ ይቀራል። ጥርስ ይስበር ብሎ ከነጠጠሩ የሚቀቅል አለ? ለዚያውም ማን ሄዶ ሊያያቸው ነው፣ ከዓለም ጫፍ!"

"ጠጠር አይደሉም፣ እማዬ።" ተቆጥታ እንኳ አይደለም ያለችው። "ምስር ናቸው። እኔ ልበላው ያልፈለግኩት ምስር።"

ሰፌዱን ሳብኩና ብቻዬን ለቀምኩ። ምን ልበል? ሥራዋ ሊሄድ ነው፣ እሷ ስለ ምስር ታስተምረኛለች።

"እና አሁን ሄደሽ ተሳስቻለሁ ልትያቸው ነው?"

"ተሳስቻለሁ አይደለም። ሐሳቡን ፈተንኩት፣ ሐሳቡ ወደቀ።"

"አንቺስ?"

"እ?"

"አንቺስ ታልፊያለሽ ወይ ነው የምልሽ! ሐሳቡ ይውደቅ፣ የት አውቀዋለሁ። አንቺ አብረሽው ትወድቂያለሽ?"

"አላውቅም" አለች። "አማካሪዬ ችግር የለም ይላል። ፈታኞቹን ግን አላውቃቸውም። ከውጭ የሚመጣው አንዱ ኃይለኛ ነው ይላሉ።"

ይኸው ነው። ስንት ዓመት ዘይት ፊት የቆምኩበት ነገር በአንድ ኃይለኛ ሰውዬ እጅ ገባ።

የመመረቂያ ጽሑፏን የምትከላከልበት ቀን ቤተሰብ መግባት ይችላል ተብሎ ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሣሁ። ጎረቤቴ ማንም ሳይጠራት ነጭ በነጭ ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። "ልጅሽ ልጄ አይደለችም?" አለች። ምን ይመለስላታል። ታክሲ ውስጥ እያለን ልጄ የነገረችኝን ነገርኳት፣ መስመሩ በነጠብጣቡ መሀል ካለፈ ጥሩ ነው ማለት ነው ብዬ። እንዳልገጠመ አልነገርኳትም። ቢነገራት ኖሮ ከካዛንቺስ እስከ ቂርቆስ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር።

ክፍሉ ትንሽ ነው። ተማሪዎች አሉ፣ ፊት ለፊት ፈታኞቹ ተቀምጠዋል። ኃይለኛ የተባሉት ሰውዬ ማንም ሳይነግረኝ ዐወቅኋቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የልጄን ጽሑፍ እንደ ተሰነጠቀ ብርጭቆ ያገላብጡታል። ልጄ ተነሥታ ጀመረች፣ በእንግሊዝኛ። የገባኝ "ሱፐርኖቫ" የሚለው ብቻ ነው፤ እሱ በመጣ ቁጥር ራሴን እነቀንቃለሁ። ጎረቤቴ እኔን እያየች ትነቀንቃለች።

ከዚያ ያ ሥዕል ግድግዳው ላይ በትልቁ በራ። በቀለም! አንዱ መስመር ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ቀዩ ወደ ቀኝ ሲደርስ ከነጠብጣቦቹ በላይ ወጥቶ ብቻውን ይሄዳል። ሰማያዊው ግን በነጠብጣቦቹ መሀል ቁልጭ ብሎ ገባ፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ እንደሚገባው። እውነቴን ነው፣ ያማረ ነገር ነበር።

"እ...ል...ል...ል...ል!"

ጎረቤቴ ናት። እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እሷ ስትጀምር አፌ አልመለስ አለኝ፤ ተከተልኳት። ተማሪዎቹ ዞሩ። ልጄ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ደርቃ ቆመች። ፊቷን ሳይ ነው የገባኝ፣ ግን እልልታ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ሰማያዊው የእሷ አልነበረም።

ከፈታኞቹ አንዷ ወረቀቷን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ኃይለኛው ሰውዬ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ወደ እኛ አዩ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረው በአማርኛ ጠየቋት፣ እኛም እንድንሰማው ብለው ይሁን እንጃ።

"እነዚህን ሩቆቹን ብታስወጪያቸው ኖሮ ቀዩም ይገጥም ነበር። ለምን አላስወጣሻቸውም?"

እንደኔ ያለ ሰው እዚህም አለ ማለት ነው፤ ወይ ደግሞ ወጥመድ ነው።

"የማስወጣበት ምክንያት አልነበረኝም" አለች ልጄ። ድምጿ በመጀመሪያ ቀጠነ፣ ከዚያ ተስተካከለ። "ሁለቱ ሐሳቦች የሚለያዩት እዚያ ጋ ነው። ሩቆቹን ካወጣኋቸው ፈተናው ራሱ የለም። እኔ በሞከርኩት መንገድ ብርሃን ይፈጥን ነበር የሚለው አይገጥምም። በሌላ መንገድ ሊሞከር ይችላል፤ ይሄኛው ግን አይሆንም።"

ሰውዬው የሆነ ነገር ጻፉ። ምን እንደጻፉ ፊታቸው አይናገርም።

አስወጡን። ኮሪደሩ ላይ ልጄ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

"ለእነሱ መስመር እልል አላችሁ" አለችን። "ሁለት ዓመት ስታገለው ለኖርኩት መስመር!"

"እኔ ምን ላውቅ፣ ቀዩ ሜዳ ለሜዳ ሲሄድ አየሁት" አለች ጎረቤቴ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "እንግዲህ ጥላው ቀረ በይኛ" አለችኝ።

"ዝም በይ!"

"ምን ዝም በይ አለው፣ ብርሃኑ አልፈጠነ። ስእለት እንደ ቃሉ ነው።"

(ጥላውን በኋላ አስገብቼዋለሁ። ልጄ ያልሆነ ነገር ተስለሽ ነው ትላለች፣ ጎረቤቴ ትርፍ ከፈልሽ ትላለች። እኔ ከቂርቆስ ጋር በሕግ አልከራከርም።)

በሩ ተከፈተና ተጠራን። ሴትየዋ ፈታኝ ቆማ አነበበች፣ አሁንም በእንግሊዝኛ። እኔ የማየው የልጄን ትከሻ ነው። ትከሻዋ መጀመሪያ ወደ ላይ ወጣ፣ ከዚያ እንደ ተፈታ ነዶ ወረደ። ወደ እኔ ዞረች። አለፈች። ጥቃቅን ማስተካከያ አላት እንጂ አለፈች።

ጎረቤቴ ክንዴን ያዘች። "አሁንስ እልል ይባላል?"

"አሁን ይባላል!" አልኳት፤ አልነውም።

ስንወጣ ኃይለኛው ሰውዬ ቆመው ጠበቁኝ። እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው፣ ጎንበስ ብዬ።

"እናት፣ የቅድሙ እልልታ ለማን ነበር?"

"ለልጄ ነው፣ ጌታዬ።"

"መስመሩ የእሷ አልነበረም እኮ።"

"ሁለቱንም የሳለቻቸው እሷ አይደለችም?" አልኳቸው።

"እማዬ፣ በናትሽ!" አለች ልጄ ነጠላዬን እየጎተተች።

ሰውዬው ሳቁ። ሲስቁ ኃይለኛ አይመስሉም። "ማስተካከያውን ቶሎ ታምጣ" አሉኝ፣ "አንድ ሁለት ጥያቄም አለኝ፣ አሁን ጊዜ ካላት..."

"የላትም" አልኩና ልጄን በክንዷ ይዤ ደረጃውን ወረድኩ።